ጌታውና ሬዲዮ

በመስታወት ቤቱ "ጌታው" የሚሉት ሰው፣ ጌትነት የሚባል ነገር በአጠገቡ አልፎ አያውቅም። ቱታው ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ያመጣል፣ ወደ ሥራ የሚመጣውም በእግሩ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ጠዋት ሲገባ "እንደምን አደሩ ጋሼ" ይሉታል፤ አንዳንዴ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ግን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ጓንቱ ወደተሰቀለበት ሚስማር ያልፋል። "ሰላምታ የሚመልሰው ደስ ሲለው ነው፤ ጌታው" አለ አንዱ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሱ ራሱ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ነገሩ ሁሉ ያ ነበር። ጌታው አይሰማም።

ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ልጅ ሳለ እናቱ "ይሄ ልጅ ጉንዳን ሲያስነጥስ ይሰማል" ትለው ነበር። በመስታወት ሥራ የተቀጠረው ጺሙን ሳያበቅል ሲሆን፣ ያቆሙትም የመስታወት ጠርዝ ከሚሞረድበት ማሽን ጎን ነው። ማሽኑ ጠዋት እንደተቆጣ ተርብ ይጀምርና እስከ ማታ ሲያጓራ ይውላል። የጆሮ መከላከያ የሚባል ነገር የሰጠው ቀርቶ የነገረውም አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ ድምፆች እንደ እንግዳ አንድ በአንድ ተሰናብተውት ሄዱ። መጀመሪያ ወፎቹ፣ ቀጥሎ የበር ደወል፣ ከዚያ የሴትና የሕፃን ድምፅ። ግራ ጆሮው ጨርሶ ተዘጋ፤ ቀኙ ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል።

ከማንም በፊት ያወቀችው ሚስቱ ናት። ምንም አላለችም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ልታናግረው ስትፈልግ ዞራ ከፊቱ ትቆማለች። እሱም የሰው ከንፈር ማንበብ ለመደ። ፊት ለፊት ያናገረውን ሰው ነገር ከሞላ ጎደል ይይዘዋል፤ ከኋላው የተባለ ነገር ግን እንዳልተባለ ይቆጠራል።

በሥራ ቦታ ደብቆ ያኖረው "አባባ" የሚሉት አጋሩ ነበር። ትልቅ መስታወት የሁለት ሰው ሸክም ነው። ከፊት የያዘው መንገዱን ያያል፣ ከኋላ የያዘው መስታወቱን ያያል፤ "ቁም"፣ "ዝቅ በል"፣ "ወደ ግራ" እያለ የሚያዘውም የኋለኛው ነው። አባባ ሁልጊዜ ከፊት ይሄዳል፤ ጌታው ከኋላ ሆኖ ያዛል። አባባ ሲደክመው መናገር አያስፈልገውም፤ ጌታው የትከሻውን አዘማመም አይቶ "እናሳርፈው" ይላል። እንዲህ ሆነው ስንት ሱቅና ስንት ትምህርት ቤት መስኮት አለበሱ። አባባ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ጡረታ ሲወጣ፣ ጌታው አንድ እጁን ይዞበት የሄደ ያህል ተሰማው።

በአባባ ቦታ የመጣው ሬዲዮ ነው። ሠላሳን ያለፈ፣ ቀጭን ረጅም፣ ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ሰው። ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ አማቱ ያወራል፣ ስለ ጎረቤቱ ድመት ያወራል፤ የሚሰማው ሲያጣ ለመስታወቱ ያወራል። "የሌላ ሰው ባትሪ ያልቃል፤ የዚህ ግን ከየት ነው የሚሞላው?" ትላለች መስታወት ቆራጯ። እሷን ትልቅ ትንሹ "እታባ" ይላታል።

አለቃዋም ለቦታው አዲስ ነበረች። የቀድሞው አለቃ ሲለቅ ከሌላ ቦታ መጥታ የተተካች፣ እንዳይንቋት ፈርታ ፈገግታዋን ቤት ትታ የምትመጣ ሴት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉን አየችና ደለደለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ መንገዱን ስለሚያውቁት ከፊት ይሁኑ። ሬዲዮ ከኋላ ይያዝ" አለች።

ጌታው አፉን ከፈተ። ከኋላ ይሻለኛል ሊል ነበር። "ለምን?" ብትለው ምን ሊመልስ ነው? "እሺ" አለና ነገሩን ዋጠው።

ከዚያ ወዲያ ጭንቅ ሆነ። መስታወት ተሸክሞ ጥቂት ይራመድና ዞር ብሎ የሬዲዮን አፍ ያያል፤ ደግሞ ይራመድና ይዞራል። የሬዲዮ አፍ ደግሞ ዘወትር ክፍት ነው፤ "ቁም" ይበል ስለ ድመቷ ይበል መለየት ከባድ ነው። ሬዲዮም ነገሩን በሌላ ተረጎመው። "ይሄ ሰውዬ አያምነኝም" አለ ለእታባ። "በየእርምጃው እየዞረ እንደ ሌባ ያየኛል። ቀልድ ስነግረው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።"

"ተወው" አለችው እታባ። "ለሁላችንም እንዲሁ ነው። ጌታ ከሎሌ ጋር አይስቅም።"

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ለአንድ ሱቅ የታዘዘ ወፍራም መስታወት ከመደርደሪያው ወደ መቁረጫ ጠረጴዛው ሲያሻግሩ፣ የሬዲዮ እጅጌ በመደርደሪያው ብረት ተያዘ። "ጋሼ፣ ቁሙ" አለ። ጌታው መራመዱን ቀጠለ። "ቁሙ! ጋሼ፣ ቁሙ እንጂ!" ማሽኑ ያጓራል፤ ጌታው ደግሞ ወለሉ ላይ ያለ የእንጨት ቁራጭ እንዳያደናቅፈው ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሏል። መስታወቱ ከሬዲዮ እጅ ተመዝዞ ወጣና ማዕዘኑ ብረቱን መታ። ጌታው ያወቀው ሸክሙ በድንገት ሲቀለው ነው። ዞሮ ሲያይ ወለሉ በስብርባሪ ተሞልቷል፤ ሬዲዮ አንድ ክንዱን በሌላው ጨብጦ ተንበርክኳል፤ ጓንቱ ቀልቷል።

እታባ ሻሿን ፈትታ ክንዱን አሰረችለት። የመስታወት ቤቱ ሾፌር ደግፎ ወደ ክሊኒክ ወሰደው። ጌታው ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ ሬዲዮ ክንዱን ሰበሰበና ፊቱን አዞረበት። ከሁሉም ያ ልቡን ወጋው።

አለቃዋ ቢሮዋ አስጠራችው።

"እኔ በር ዘግቼ እዚህ ተቀምጬ ጩኸቱን ሰምቻለሁ። እርስዎ ለምን አልቆሙም?"

"አልሰማሁም" አለ።

እውነቱን ነው። ነገር ግን እውነትም አንዳንዴ ሲነገር ሰበብ ይመስላል። "በቅርብ ያሉት እርስዎ አልሰሙም፤ በሩቅ ያለሁት እኔ ሰማሁ። እሺ፣ ጋሼ። ይሂዱ" አለች።

በማግስቱ ከእሱ ጋር መስታወት የሚይዝ ሰው ጠፋ። አንዱ ወገቤን ይላል፣ ሌላው ሌላ ሥራ አለብኝ ይላል። አለቃዋ ጥግ ላይ አሮጌ የመስኮት ክፈፍ ሰጠችውና ብቻውን የደረቀ ስቱኮ ሲፍቅ ዋለ። ምሳ ሰዓት ሲቀመጥ በአጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። የሚሉትን ባይሰማም የጎሪጥ የሚያዩትን ግን ያያል። ለዚያ ጆሮ አያስፈልግም።

ቤቱ ሲደርስ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ሚስቱ እንደ ልማዷ ዞራ ከፊቱ ተቀመጠች።

"ንገራቸው" አለችው።

"ከነገርኳቸው በሩን ያሳዩኛል። መስታወት ቤት ውስጥ ደንቆሮ ምን ይሠራል?"

"ካልነገርካቸውስ? ያ ልጅ ክንዱ ቆስሎ ተኝቷል። የሚያመው ግን ክንዱ ይመስልሃል? ሆን ብለህ ያደረግህበት መስሎት ነው የሚያመው። ቁስሉስ ይድናል።"

ጌታው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ሚስቱ ሸሚዙን ተኩሳ አቆየችለት፤ የት ልትሄድ ነው ብላም አልጠየቀችው።

ሬዲዮ የሚኖረው ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ናት፤ ሕፃን ልጅ ታቅፋለች። ሬዲዮ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ወንበር ሰጡት። ሬዲዮ ዝም አለ። ጌታው ይህን ሰው አፉ ተዘግቶ ሲያየው የመጀመሪያው ነው፤ እንደ ሌላ ሰው ሆነበት።

"ጋሼ፣ እኔ ምን በድዬዎት ነው?" አለ ሬዲዮ በመጨረሻ። "ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን አምነውኝ አያውቁም። ወሬዬ ቢሰለችዎት ዝም በል ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

ጌታው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ልጄ፣ አልሰማም" አለ።

"ምኑን?"

"አንተን። እሷን። ማሽኑን። ግራው ከሞተ ቆይቷል፤ ቀኙም እያጣጣረ ነው። የምዞረው አፍህን ለማየት ነው እንጂ አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። እንኳን አንተን፣ የማላምነው ራሴን ነው።"

ሬዲዮ ሚስቱን አየ፣ ጌታውን አየ።

"ቆይ" አለ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ያወራሁት ለማን ነው?"

"ስትስቅ አይቼ እስቅ ነበር።"

"እሱም ሁልጊዜ አይደለም። የአማቴን ነገር?"

"አልሰማሁም።"

የሬዲዮ ሚስት ሳቋን መግታት አቅቷት ፊቷን በልጇ ልብስ ሸፈነች። "ተመስገን" አለች፤ ከዚያ እንደማይሰማት አስታውሳ ቀና ብላ ደገመችለት። "ተመስገን ነው ያልኩት። እናቴ ስትታማ ያልሰማ አንድ ሰው አገኘሁ።"

ሬዲዮ ግን አልሳቀም። "ልጄ ታማ የነበረ ጊዜ የነገርኩዎትስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያን ቀን ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ከኋላዎ ሆኜ እየተራመድን ሁሉንም ነገርኩዎት። ምንም ሳይሉኝ ሲቀሩ ልብ የለውም አልኩ።"

ጌታው ወደ ሕፃኗ አየ። "ታማ ነበር?"

ያኔ ሬዲዮ በደህና እጁ ወንበሩን ጎተተና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየ፣ እንደ አዲስ ነገረው። ትኩሳቱን፣ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ወለል ላይ ያሳለፉትን ሌሊት፣ ነርሷ ወጥታ "ትኩሳቱ ለቀቃት" ስትላቸው ግድግዳውን ተደግፎ ያለቀሰውን። ጌታው አንድም ቃል እንዳያመልጠው ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ሲጨርስ ሁለቱም ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ሕፃኗን ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለትና አውራ ጣቱን ጨብጣ አልለቅ አለችው።

"ለአለቃ እንንገራት" አለ ሬዲዮ ሲሸኘው።

"እኔ እነግራታለሁ። አንተ ብቻ አጠገቤ ቁምልኝ።"

ሬዲዮ በማግስቱ ክንዱን እንዳንጠለጠለ መጥቶ ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኑ ቆመ። ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ፤ አለቃዋም ሳህኗን ይዛ ከዳር ተቀምጣለች። ጌታው ንግግር አያውቅበትም። "አልሰማም" አለ፤ "ከድሮ ጀምሮ ነው። እንዳትለዩኝ ፈርቼ ደበቅኳችሁ። ሬዲዮን ያቆሰለው የኔ ፍርሃት ነው።"

አለቃዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሰው ሊሞት ይችል ነበር፣ ጋሼ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ተደብቆ የሚሠራ ሥራ አይደለም ይሄ።"

"አውቃለሁ" አለ ደግሞ።

ሴትየዋ ከሳህኗ ቀና አለች። ፊቷ ተፈቷል። "ግን እኮ ነግረውኛል። አልሰማሁም ሲሉኝ፣ አልሰማሁም ማለትዎን ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጥያቄ ብጠይቅዎ ኖሮ ያን ቀን ይወጣ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ጠይቄ ሳይሆን አዝዤ ብቻ ነው የምታወቀው።"

እታባ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንግዲህ ቀኑ የንስሐ ከሆነ እኔም ልናገር። ቅርብ ማየት ካቃተኝ ሰንብቷል። መስመሩን የምቆርጠው በጣቴ ዳብሼ ነው። ባለፈው የጠበበውን የበር መስታወት 'ለካኪው አሳስቶኝ ነው' ያልኩት ውሸቴን ነው። አንተ ልጅ፣ ይቅር በለኝ።" ወደ ሬዲዮ ዞረች፤ የለካው እሱ ነበር።

ሬዲዮ አፉን ከፈተ። "እኔማ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ" አለ። "ሜትሩን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስዘረጋ ሚስቴ አበደ ብላ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ጌታውም ሳቀ፤ በዚያን ቀን ግን የሚስቅበትን ነገር አውቆ ነው።

ነገሩ በሳቅ ብቻ አላለቀም። ጌታውን የጆሮ ሐኪም፣ እታባን የዓይን ሐኪም ዘንድ ላኳቸው። ማሽኑ ወደ ጓሮ ተዛውሮ በግንብ ተጋረደ፤ የጆሮ መከላከያ ለሁሉም መጣ። ቢሆንም ከጌታው ጋር መስታወት ለመያዝ ሰዉ አሁንም ይፈራ ነበር፤ ማዘን ሌላ፣ ክንድን ማስያዝ ሌላ። አንድ ጠዋት አለቃዋ ከቢሮዋ ወጣች፣ ከሚስማሩ ላይ ጓንት አነሳችና አጠለቀች።

"ሬዲዮ እስኪድን እኔ ልያዝ። ከኋላ ይሁኑ፣ ጋሼ፤ እኔ ከፊት እሆናለሁ" አለች።

መስታወት ተሸክማ አታውቅም። ሲያነሱት ጌታው መንቀጥቀጧ በመስታወቱ በኩል መዳፉ ድረስ ሲመጣ ተሰማው። "አለቃ" አለ፤ "እጅዎን አያጥብቁት። የያዝነው ሁለት ነን፤ ግማሹን ለኔ ይተዉልኝ።" አለቃዋ ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች። ከመደርደሪያው እስከ ጠረጴዛው ተሻገሩ። ባስቀመጡት ጊዜ ላቧን በጓንቷ ጠረገችና ፈገግ አለች። ጥርሷ መሀሉ ክፍት መሆኑን ያኔ ነው ያዩት።

ሬዲዮ ድኖ ሲመለስ፣ ጌታው አንዴ ከኋላ አንዴ ከፊት እየሆነ፣ በማይፈለግ አሮጌ መስታወት ጓሮ ውስጥ ልምምድ ጀመሩ። ዙሪያውን እየዞሩ ሳሉ የሬዲዮ የጋብቻ ቀለበት በጓንቱ ቀዳዳ በኩል መስታወቱን ቀጭ አደረገው። ጌታው ከፊት ሆኖ ቀጥ አለ።

"ምን አደረግህ?"

"ምንም። ቀለበቴ ነካው።"

"ድገመው።"

ሬዲዮ ደገመው። ጌታው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ድምፁን አልሰማውም፤ ነገር ግን በጣቶቹ ጫፍ ላይ እንደ ልብ ትርታ ትር ብሎ አለፈ። "እዚህ ሰማሁህ" አለ መዳፉን እያሳየ። ተቀምጠው ቋንቋ አወጡ፦ አንድ ምት ቁም፣ ሁለት ዝቅ በል፣ ረዘም ያለ ፍቀት ወደ ግራ። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹም ለመዱት፤ መኪና በሚያጓራበት ጎዳና ላይ ጆሮ ያለውስ መች ይሰማል? ሬዲዮ አንዳንዴ ትርጉም የሌለው ረጅም ምት ይመታል። "ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?" ሲለው "ስለ ድመቷ ነው" ይለዋል።

የጆሮ ሐኪሙ ለቀኙ ጆሮ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ሰጠው። ሥራ ቦታ ስለምትጮህበት አውልቆ ኪሱ ይከታታል፤ ቤት ሲገባ ግን ያደርጋታል። መጀመሪያ ያደረጋት ቀን ሚስቱ ከጓዳ ወደ እሱ ስትመጣ አንገቱን ቀና አደረገ። ነጠላ ጫማዋ ወለሉን የሚነካበት ድምፅ እንዳለው ረስቶ ኖሯል። "ምነው?" አለችው ከኋላው፤ ዞራ ከፊቱ ሳትቆም። "ምንም" አላት። "እስኪ ደግመሽ ሂጂ።"

ዓመት አለፈ። ሥራው በዛና ከሌላ መስታወት ቤት ጠና ያለ አንድ ሰው ተቀጠረ። እጁ የሥራ ሰው እጅ ነው፤ ጠባዩ ግን ቁጥብ ነው፤ ከሰላምታ አልፎ ቃል አይወጣውም። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ አለቃዋ አጠገቧ አስቀመጠችው።

"እዚህ ቤት ሰው ሲገባ የሚችለውን አንጠይቅም፤ እሱን ሥራው ራሱ ያሳየናል" አለችው። "የማንችለውን ነው የምንነጋገረው። እኔ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ስለዚህ እቆጣለሁ። አትቀየመኝ።"

"እኔ ያለ መነጽር ቅርብ አላይም" አለች እታባ።

"እኔ አልሰማም" አለ ጌታው። "ከፊት ዞረህ አናግረኝ፤ ወይ መስታወቱን ምታልኝ።"

"እኔ ዝም ማለት አልችልም" አለ ሬዲዮ። "ሐኪምም መድኃኒት አላገኘለትም።"

አዲሱ ሰው እየቀለዱበት እንዳይሆን አንድ በአንድ አያቸው። አልቀለዱም። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ውኃውን ጎንጨት አለ፣ ከዚያ ወደ ጌታው ዞረና ከንፈሩን እያሳየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እኔ መሰላል እፈራለሁ" አለ። "ከወደቅሁ ወዲህ። የበፊቶቹ አለቆቼ አያውቁም።"

"እሰይ" አለ ጌታው ቦታ እየለቀቀለት። "እኔ ደግሞ መሰላል እወዳለሁ። ከሥር ሆነህ ትይዝልኛለህ።"